ጎማ የነበረው ቤቴ

የእድሩ ጡሩምባ ሲነፋ መጋረጃ እየሰፋሁ ነበር። መጋረጃው የኔ አይደለም፤ በማለዳ መጥተው ከአጥሬ ጥግ መኪናቸውን ያቆሙ ባልና ሚስት ናቸው ያመጡልኝ። ጡሩምባ ነፊው እንደ ልማዱ ከሰፈራችን ማዕዘን ቆሞ የሟቹን ስም ጠራ፤ በላይ። የዋርሳዬ ስም ነው፤ የሟቹ ባሌ የግርማ ታላቅ ወንድም። ቀብሩ ከቀትር በኋላ ነው አለና አለፈ። እኔም የስፌት መኪናዬን ፔዳል ረገጥኩና ቀጠልኩ። የመጋረጃዋ ባለቤት፣ ቀጭን ልጅ ናት፣ ቀና ብላ አየችኝ። «እማማ፣ የሚያውቋቸው ሰው ናቸው?» አለችኝ። «እዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል» አልኳት። ይህ መልስ ነገሌ ውስጥ ብዙ ጊዜ አገልግሎኛል።

ልሂድ ወይስ ልቅር የሚለውን ግን መርፌው እየወጣ እየገባ ሳስበው ነበር። በላይን ከተጣላን ጊዜ ወዲህ ሰላም ብዬው አላውቅም፤ ሚስቱን ጥሩነሽንም እንደዚሁ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ገበያ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ ይህን ሁሉ ዘመን ሳይነጋገሩ መኖር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጉልበት ይጠይቃል። ሰው መንገድ ላይ ከሩቅ ሲመጣ ማየት፣ ከመድረሱ በፊት ወደ ሱቅ ጎራ ማለት፣ የማያስፈልግ ስኳር መግዛት። ሆኖም ለቅሶ ሌላ ነው። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ ሲባል ሰምቻለሁ፣ ብያለሁም።

እንግዶቼ ከአዲስ አበባ ተነሥተው በክብረ መንግሥት በኩል ነው የወረዱት። መኪናቸው ከሩቅ ሚኒባስ ነው። በሩን ሲከፍቱት ግን አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ እጅ መታጠቢያ አለው። ወደ ያቤሎና ወደ ሜጋ ይወርዳሉ፤ ሥራ የላቸውም ወይ ብዬ ልጠይቅ ነበር፣ ተውኩት። እኔን የያዘኝ በሩ ሲከፈት የወጣው ሽታ ነው። ፀሐይ ያጋለው የጎማ ምንጣፍ፣ ላብ የጠጣ የስፖንጅ ፍራሽ፣ ከሥሩ ደግሞ ቀጠን ያለ የጋዝ ሽታ። ያን ሽታ ዳግመኛ አሸተዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ልጁ፣ ባሏ፣ በበኩሉ የኔን ቤት ግድግዳ በመዳፉ መታ መታ አደረገና ዞሮ አየኝ። የነገሌ ሰው፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ፣ ቤቴ ኮንቴይነር ይመስለዋል። እሱ ግን መስኮቱን አየ፣ የበሩን እጀታ አየ። «እማማ፣ ይሄ እኮ የመኪና ላይ ቤት ነው» አለኝ። «ነበር» አልኩት። «ጎማው የት ሄደ?» «ሄደ» አልኩት።

ልጅቷ ሳቀችና «እንግዲያው ያውቁበታል ማለት ነው፤ እባክዎን ይምከሩን» አለች። መከርኳቸው። መጋረጃዋን እስክጨርስ ድረስ ስለ ውሃ፣ ስለ አቧራ፣ ስለ እሾህ ነገርኳቸው። የቀረውን አልነገርኳቸውም። እሱን እዚህ እጽፈዋለሁ፤ አሁን በላይም ስለሞተ የሚያስተባብለኝ የለም።

አባቴ ከሰሜን የመጣ ወታደር ነበር፤ እናቴ የዚሁ አገር ልጅ ናት። እኔ ነገሌ ተወልጄ፣ ነገሌ ስፌት ተምሬ፣ ነገሌ ተዳርኩ። ዘመኑን በቁጥር አትጠይቁኝ። መንግሥት የተለወጠበት፣ ሠራዊቱ የተበተነበት፣ ገበያው በወታደር ሱሪና በወታደር ብርድ ልብስ የተሞላበት ጊዜ ነው። ያን ካኪ በርካሽ እገዛና ጥቁር ቀለም አፍልቼ እነክረዋለሁ፤ ደርቆ ሲወጣ የልጆች ቁምጣ ይሆናል። የከተማው ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት ቁምጣ ለብሶ የሚሮጥበት ክረምት ነበር። ከሞያሌ በኩል ደግሞ አበባ የታተመበት ናይለንና ባለ ጥለት ሽርጥ ይገባል። በአሥር ብር ቀሚስ የሰፋሁላት ሴት እንደ ሙሽራ ነበር የምትራመደው፤ ዛሬ በአሥር ብር ክር አልገዛበትም። ግርማ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፣ እጁም የመካኒክ ነበር። መኪናው ውስጥ ካሴት እየከፈተ ነው የሚሄደው፤ በቆላው ሙቀት ክሩ ይላላና ዘፋኙ ሁሉ የታመመ ሰው ድምፅ ያወጣል። እሱ ግን አብሮ ይዘፍን ነበር፣ በዚያው በታመመው ዜማ።

አንድ ቀን ከሜጋ ተመልሶ ምሳውን እየበላ «ዳገቱ ሥር ቤት ቆሞ አየሁ» አለኝ።

«ቤት አይደለም እንዴ፤ የት ይሂድልህ?»

«ይሄኛው ሲሄድ ኖሮ ነው የቆመው።»

ጡረታ የወጡ ፈረንጆች ናቸው፣ ባልና ሚስት። የጭነት መኪና ጀርባ ላይ ቤት ሠርተው፣ ስንት አገር አቋርጠው ወደ ኬንያ ሲሄዱ ሞተሩ ሜጋ ላይ ሞተባቸው። መለዋወጫ ቢጠብቁ ቢጠብቁ አልመጣ አለ፤ ሴትየዋም ታመመች። በመጨረሻ ለሚገዛ ሰው ሊሸጡት ፈቀዱ። ዋጋው ለእነሱ ምንም አልነበረም፤ ለእኛ ያለን ሁሉ ነበር፣ የኔ የጆሮ ጉትቻ ጭምር። ይህን የምጽፈው በኋላ «የወንድሜ ገንዘብ ነው» የሚል ሰው ስለመጣ ነው። ሴትየዋና እኔ በቋንቋ አንግባባም፤ ቤቱን በእጇ ነው ያስተማረችኝ። ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደየት እንዳዘነበለ አሳየችኝ። ከዚያ ወንዶቹን ከጎማው ሥር ድንጋይ አስደረገቻቸው፣ ውሃው እስኪስተካከል። የጋዙን ቧንቧ ዘጋችና ጣቷን ወደ መሪው ቀሰረች፤ ሳትዘጊ እንዳትነቃነቁ ማለቷ ነው። ሲሄዱ ጠረጴዛውን በጨርቅ ወለወለችው፣ ንጹሕ ነበር፣ ደግማ ወለወለችው። ባልየው የሞተሩን ቁልፍ ለግርማ ሰጠው። እሷ የቤቱን በር ቁልፍ ለኔ ሰጠችኝ። ሁለት ቁልፍ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ።

ግርማ ከሌላ የሞተ መኪና ሞተር አውጥቶ ገጠመለትና ተነሣን። ፈረንጆቹ መጸዳጃ ያደረጉትን ጠባብ ጓዳ አፍርሶ የስፌት መኪናዬን አስገባልኝ፤ መጸዳጃማ አገሩ ሰፊ ነው። እሱ ጎማ ይለጥፋል፣ እኔ እሰፋለሁ፤ ገበያ ገበያውን ተከትለን ነገሌ፣ አሬሮ፣ ያቤሎ፣ ዱብሉቅ፣ ሜጋ እንዞራለን። አገሬው ማና ዴሙ ይለው ነበር፣ የሚሄድ ቤት ማለት ነው። ሰው የሚያስበው በመንገድ ላይ መኖር መንሸራሸር ነው ብሎ ነው። ቆርቆሮ ውስጥ መቀቀል ነው። አቧራ ነው። ያንን ቀይ አቧራ ከሽሮው፣ ከአልጋው፣ ከሙሽራ ቀሚስ ስፌት ውስጥ ሳወጣ ኖሬአለሁ። በመስኮት የሚገባ ይመስለን ነበር፤ ከኋላ እየተሳበ ነው የሚገባው። ስትሄዱ የኋላውን መዝጋት፣ የጣሪያውን መተንፈሻ ወደ ፊት መክፈት ነው፣ ነፋሱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ይህን ለልጅቷ ነገርኳት፤ ስልኳ ላይ ጻፈችው። ግራር ሥር አታቁሙ አልኳት፣ ጥላው በእሾህ ነው የሚከፈለው። ደረቅ ወንዝ ውስጥ አትደሩ፤ አሸዋው ፍራሽ ይመስላል፣ ዝናቡ ግን እናንተ ዘንድ ሳይሆን ራቅ ብሎ ይዘንብና ጎርፉ ሳይነግራችሁ ይመጣል። ውሃ ሞልታችሁ አሸዋ ዳገት አትውጡ፣ ባዶም ሆናችሁ ከከተማ አትውጡ። እርጉዝ ሆነሽ በአሬሮ መንገድ አትሂጂ። ይህን የመጨረሻውን አላልኳትም። እኔ ሄጄበት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ልጅ አልሆነልንም። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ውሃ ስል፣ ዱብሉቅ ኤላው ጋ መጀመሪያ የሄድን ቀን ትዝ ይለኛል። ኤላ የቦረና ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነው፤ ወንዶች ከሥር እስከ ላይ ተደራርበው ቆመው ባልዲ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ያወጡታል። ከብቱ በተራ ነው የሚጠጣው፤ ተራውን ያዛባ ሰው መዘዙ ብዙ ነው። ግርማ ጎማ ቧንቧውን ተሸክሞ ሲጠጋ ዘፈኑ ቆመ። የተራው አለቃ ኦቦ ጉዮ የሚባል ረዥም ሽማግሌ ነበር፤ በትሩን ተደግፎ መኪናውን ዞረው። አማርኛውን እያሰበ ነው የሚናገረው።

«አካም፣ ናጋ?»

«ናጋ፣ ሰላም ነው» አለ ግርማ።

«ይሄ ምን ይጠጣል?»

«ውሃ ነው አባቴ፤ ለቤት የሚሆን።»

«ምን ተሸክሟል?»

«ቤት።»

«የማን ቤት?»

ግርማ ወደኔ አየና ሳቀ። «የሷ ነው እንጂ፤ እኔ ምን አለኝ።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰበ። «እንግዲህ ግመል ነው» አለ። «ከግመሎች ጋር ይሰለፍ።»

ከጉድጓዱ ሥር ሳይቀር ተሳቀ። በቦረና ቤት የሴት ነው። ትሠራዋለች፣ ታፈርሰዋለች፣ መንደሩ ሲነሣ ምሰሶውንና ምንጣፉን ግመል ላይ ጭና ትሄዳለች። ባል የሚገባው ወደ ሷ ቤት ነው። እኛ የከተማዎቹ ይህን ለሳቅ ነበር የምናወራው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዱብሉቅ በደረስን ቁጥር ከግመሎቹ ኋላ ተሰለፍን፤ ወተት ሻጯ ዳርሚ፣ የኦቦ ጉዮ የወንድም ልጅ፣ እያየችን «ግመላችሁ ዛሬስ አልተራገጠም?» ትለን ነበር። እሷ ወዳጄ ሆነች። ወዳጅ ብዙ የለኝም፤ ስሟን የጻፍኩት ለዚህ ነው።

በዚያ መኪና አንድ ጉድለት ነበረ። መሪው ያለበት ክፍልና ቤቱ በብረት ግድግዳ የተለያዩ ናቸው፤ ከኋላ ያለ ሰው ቢጮህ ከፊት ያለው አይሰማም። ስለዚህ ከኋላ የሆነ ሰው በማንኪያ ግድግዳውን ይመታል። አንዴ ከመታ ደኅና ነኝ ነው፣ ደጋግሞ ከመታ ቁም ነው። ግርማ ዱብሉቅ ሜዳ ላይ መንዳት ስላስተማረኝ አንዳንድ ጊዜ እኔ እነዳና እሱ ይተኛል። መንጃ ፈቃድ የለኝም፤ የሚጠይቅም አልነበረም።

ዋጪሌ አጠገብ ግርማን ትኩሳት ያዘው። ወባ ነው ብዬ ኪኒን ሰጠሁት፣ አልሠራም፤ ጭንቅላቱ ላይ ወጣ። ሐኪም ቤት ያለው ነገሌ ነው። አልጋው ላይ አስተኛሁት፣ ማንኪያውን እጁ ላይ አስያዝኩት፣ ጋዙን ዘጋሁ፣ መሪውን ያዝኩ። በየመንገዱ ኳ ያደርጋል። አንዳንዴ ይቆይና ልቤ ሊወጣ ሲል ኳ ያደርጋል። የዳዋን ወንዝ ስንሻገር ድልድዩ ላይ መታ። ከዚያ በኋላ አልመታም። ማቆም ነበረብሽ ያለኝ ሰው አለ፣ ጥሩነሽ ናት ያለችኝ። ቆሜ ምን ላደርግ? ከተማው ሩቅ ነው፣ መንገዱ ሰው የለውም። ደግሞ እስክቆም ድረስ ባለ ባል ነበርኩ። ነዳሁት። ነገሌ ገብቼ በበላይ በር ላይ ሳቆም ለብዙ ጊዜ ከመሪው እጄን አላላቀቅኩም።

ግርማን ቀበርነው። ሰው ሲመጣ በበላይ በር ላይ በቆመችው መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነበር፣ በገዛ አልጋዬ ላይ፤ ሴቶቹ አንድ አንድ እያሉ ደረጃዋን እየወጡ ያለቅሱልኝ ነበር። ያን ጊዜ ጥሩነሽ መጣች። ጥቁር ቀሚሷን የሰፋሁላት እኔ ነኝ፣ ለሌላ ለቅሶ። ክንዴን ያዘችና «ነይ ውረጂ አስካለ፣ ሐዘን ጎማ ላይ አይቀመጥም» አለችኝ። «መሠረት ያለው ቤት ግቢ። ሰው ምን ይለናል? ወንድሙ ቤት እያለ ሚስቱን ጎዳና ላይ አስቀመጧት አይለንም?» እውነት መሰለኝ። እኛ ደጋ ዘር ያለን ሰዎች እንዲህ ነን፤ ከሥሩ ድንጋይ የሌለው ነገር ቤት አይመስለንም፣ ለሐዘን ደግሞ ይባስ። ወረድኩ። በማግስቱ «ልብስሽን ላምጣልሽ» ብላ የበሩን ቁልፍ ከመቀነቴ ላይ ፈታችው። የሞተሩን ቁልፍ በላይ ከመጀመሪያው ቀን ይዞታል። በቦረና ሴት ዘንድ ይህ አይደረግም። ዳርሚ በኋላ ስትሰማ ያለችኝ አንድ ነገር ነው፤ «ባል ሲሞት ሴት ቤቷን ትይዛለች እንጂ ትወርዳለች እንዴ?»

ድንኳኑ ፈርሶ ስወጣ ማና ዴሙ በሩ ላይ አልነበረችም። ጋራዥ አገኘኋት። ፍራሼ መሬት ላይ ተጥሏል፣ የስፌት መኪናዬ ዝናብ ይመታዋል፣ በላይ ከብረት ሠራተኛው ጋር ቆሞ የቤቱን ሣጥን ነቅለው መኪናውን የከብት መጫኛ ሊያደርጉት ይነጋገራል። ያኔ በላይ ከቦረና ከብት እየገዛ ሞያሌ የሚያወርድ ነጋዴ ነበር።

«ጋሽ በላይ፣ ቤቴን ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት።

«ቤት? መኪና ነው ይሄ። መኪና የወንድሜ ነው።»

«እኔስ?»

«አንቺን አልጣልንሽም። ጓዳ አለ፣ ግቢ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ሠራተኛው እንዳይሰማ፤ ያን ያህል ይሉኝታ ነበረው። «ልጅ ቢኖርሽ ሌላ ነገር ነበር።»

የሰፈራችንን ሽማግሌዎች ሰበሰብኩ፤ አብዛኞቹ አባቴን የሚያውቁ፣ እጄ የሰፋውን ኮት የለበሱ ናቸው። ሰሙኝና መኪና ነው አሉ፤ ለሴት መኪና ምን ይሠራላታል አሉ፤ ጓዳውን ተቀበይ አሉ። ፍርድ ቤት ሂጂ ያለኝም ነበረ። በዚያ ጊዜ የፍርድ ቤት ደጃፍ ለኔ ዓይነት ሴት እንደ አውቶቡስ መናኸሪያ ነበር፤ ተራሽን ስትጠብቂ ታረጃለሽ። የእነዚያን ሽማግሌዎች ስም አውቃለሁ፣ ልጆቻቸው ስለሚያነቡ ትቼዋለሁ።

በአይሱዙ ጭነት ላይ ተሳፍሬ ዱብሉቅ ወረድኩ። ዳርሚ አጎቷ ዘንድ ወሰደችኝ። ኦቦ ጉዮ ሁሉን ሰማና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «ቤትሽን ማን አፈረሰው? አንቺ ነሽ?» አይደለሁም አልኩት። በቀጣዩ ገበያ ነገሌ መጣ፣ ሌሎች ሽማግሌዎች አስከትሎ። የከብት ተራው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። በላይ መምጣት አልፈለገም፤ ግን መጣ። እነዚህ የቦረና ሽማግሌዎች «ይህ ሰው የሴት ቤት አፍርሷል» ብለው ከተነሡ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥጃ የሚሸጥለት ቦረና አያገኝም፤ ይህን ከኔ ይልቅ እሱ ያውቃል።

«በላይ፣ ናጋ?» አለው ኦቦ ጉዮ።

«ናጋ፣ አባቴ።»

«ግመል ቤት ሲጭን አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«የተጫነው የማን ነው?»

በላይ ዙሪያውን አየ። ከብት ሻጮቹ ተሰብስበው ያያሉ። «የሴትየዋ» አለ።

«ግመሉን ሰው ቢወስደው፣ ቤቱን አብሮ ይወስዳል?»

«ኦቦ፣ ይሄ እኮ ሞተር አለው።»

«ሞተሩን ውሰድ» አለ ሽማግሌው፤ ሰው ሳቀ፣ እሱ አልሳቀም። «ግመሉ የወንድ ነው። የተጫነው የሴት ነው። አውርድላት።»

ነገሌ ውስጥ ይህን እንደ ድል የሚያወሩ ሰዎች አሉ። አስካለ ቤቷን አስመለሰች ይላሉ። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የሚሄድ ቤት መሄዱን ከወሰዱበት ምን ይቀረዋል? ያኔም ኦቦ ጉዮን ራሱን ጠየቅኩት። «አባቴ፣ ግመል የሌለው ቤት የት ይሄዳል?» አልኩት። «ቤት ያላት ሴት ግመል አታጣም» አለኝ፣ ሊያጽናናኝ። ሌላ ባል ማለቱ ነው። ለፍርዱ አመሰግነዋለሁ፤ ለዚያች ቃል ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። በላይ ፍርዱን ፈጸመ፣ እንደ በላይ አድርጎ። ሣጥኑን በገመድ አንጠልጥለው አባቴ የተወልኝ ቁራሽ መሬት ላይ ጣሉት፤ ሲወድቅ አንዱ መስኮት ረገፈ። አዘንብሎ ነበር። ብርጭቆ ውሃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና በየማዕዘኑ ድንጋይ እየከተትኩ አቃናሁት፣ ብቻዬን። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምኖረው እዚሁ ነው፤ የምሰፋውም። በላይ በግመሌ ከብት ጭኖ ሞያሌ ሲመላለስ ጡሩምባውን ከሩቅ አውቀው ነበር። ድንጋይ ቤት ሠራ፣ ልጆች አስተማረ። መኪናዋ አርጅታ ብረቷ ተቆርጦ የተሸጠ ዕለት ሰው መጥቶ ነገረኝ። ሥራ አለብኝ አልኩት።

እንዲህ እያሰብኩ መጋረጃው አለቀ። ልጁ ዋጋውን ጠየቀ፣ ነገርኩት፣ ሳይከራከር ከፈለ፤ የአዲስ አበባ ሰው መከራከር ትቷል። «ሌላ የሚመክሩን የለም?» አለችኝ ልጅቷ። ከኋላ የተኛ ሰው ከፊት ያለውን የሚጠራበት ነገር ይኑራችሁ አልኳት። «ክፍት ነው እኮ እማማ፣ ያው አብረን ነን» አለችና ሳቀች። «ቁልፉስ ማን ጋ ነው?» አልኳት። «እሱ ጋ።» «ሌላ አስቀርጪ፣ አንቺም ያዢ።» ባሏ «እማማ ሊያጣሉን ነው» አለ። ሳቅንበት። ከዚያ ያቤሎን አቅጣጫ ጠይቀውኝ ሄዱ፤ ቀዩ አቧራ ከኋላቸው ተነሣ፣ የኋላውን መስኮት ሳይዘጉ ነበር የሄዱት።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩና ሄድኩ። ለበላይ ብዬ አይደለም። ሰው አልመጣችም እንዲል አልፈለግኩም፤ ይህን ደስታ ለማንም አልሰጥም። ከቀብሩ መልስ ድንኳኑ ውስጥ ሳልገባ ቤቱ በራፍ አጠገብ ባለች ወንበር ተቀመጥኩ። ከዚያ ቦታ ግቢው በሙሉ ይታያል። የበላይ ትልቁ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቷል፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፤ ከውሃ ጋኑ ኋላ ከአንድ ሰው ጋር ቆሞ አጥሩን እያሳየ ያወራል። ሰውየውን አውቀዋለሁ፣ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፣ የቤትና የመሬት ደላላ ነው። አፈሩ ገና አልደረቀም።

ጥሩነሽ አየችኝ። አርጅታለች፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። ሴቶቹን አልፋ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች፤ የምንነጋገረው ከስንት ዘመን በኋላ ነው፣ ግን ትናንት እንዳቆምን አድርጋ ጀመረችው። «ልጆቹ ከኛ ጋር አዲስ አበባ ሂጂ ይሉኛል» አለች። «እስክትረጋጊ ነው ይላሉ። ነገ ይዘውኝ ሊሄዱ ነው። ቤቱን ትልቁ ያየዋል፣ ቁልፉን ስጪው አሉኝ።» አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ምን ትይኛለሽ አስካለ? ልሂድ?»

ብዙ ነገር ማለት እችል ነበር። ሂጂ፣ ልጆችሽ ናቸው ማለት እችል ነበር። ለዚያች ቃል ስንት ዓመት ጠብቄአለሁ፤ አፌ ላይ ነበረች፣ ለስላሳ ነበረች፣ ማንም ክፉ ቃል አይላትም። ከውሃ ጋኑ ኋላ ደላላው በእርምጃው ግቢውን ይለካል።

«ሐዘን ጎማ ላይ አይቀመጥም፣ ጥሩነሽ» አልኳት።

መጀመሪያ እንዳልሰማ ሰው አየችኝ። ከዚያ ፊቷ ቀስ ብሎ ተለወጠ። አንገቷን ዞር አድርጋ ልጇን አየችው፣ ደላላውን አየችው። እጇ ወደ ወገቧ ወረደና መቀነቷ ላይ የታሰረውን ቁልፍ ያዘ። ይቅርታ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝም አልሰጣትም ነበር፤ የተናገርኩትም ወድጃት አይደለም፣ ቤቱ ግን ምንም አላደረገኝም።

ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር፤ ተነሣሁ። ክንዴን ያዘችኝ፣ ያኔ በያዘችበት በዚያው እጇ። «እዚሁ እደሪ» አለችኝ። «ብቻሽን የት ትሄጃለሽ?»

«ቤት አለኝ» አልኳት።